ዳንቴል የለበሰ መብራት

ዕቃ ሸፋኝ ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? ሶፋ ላይ ከነላስቲኩ የሚቀመጥ፣ ሪሞቱን ከነፌስታሉ የሚጫን? እኔ አዳማ ውስጥ ኤሌክትሪሺያን ነኝና ስንቱን ቤት አየሁ። ደከመኝ።

ጎረቤቴን እትዬ አስካለን ልንገራችሁ። የጅቡቲ መስመር ሹፌር የሆነው ልጃቸው ኮራል አመጣላቸው፤ ከነባሕሩ ውሃ፣ በጀሪካን። ኮራል ድንጋይ ይመስላል እንጂ ነፍስ ያለው የባሕር ፍጥረት ነው፤ ይሄኛው ደግሞ ያለ ብርሃን አይኖርም። እትዬ ታዲያ ያሠሩለት የመስታወት ገንዳ እስከ ደረቴ ይደርሳል! ኮራሉ ከታች ተቀምጦ ይገረጣል።

«እትዬ፣ ውሃው በጠለቀ ቁጥር ብርሃኑ እየደከመ ነው የሚወርደው» አልኳቸው። «ወይ ኮራሉን ድንጋይ ላይ ከፍ እናድርገው፣ ወይ ጠንካራ መብራት ይግዙ።»

«ሳሎኔ ድንጋይ አይገባም! መብራቱን ግዛልኝ።»

ገዝቼ ገጠምኩ። ብርሃኑ እስከ ታች ወረደ።

በሳምንቱ ብመለስ ገንዳው ጨልሟል። መብራቱስ በርቷል፤ ግን ሁለት እጥፍ ዳንቴል ለብሷል።

«ምነው እትዬ?»

«የአዳማን አቧራ አታውቀውም እንዴ ልጄ? እንግዳ ሲመጣ እገልጠዋለሁ።»

እንግዳ እንዲመጣ ከመጸለይ ሌላ ምን አደርጋለሁ? የመጣ የለም።

ባለፈው ደግሞ መብራቱን ነቅዬ ወደ ካርቶኑ እንድመልስላቸው ጠሩኝ። ኮራሉ ሞቶ እንደ አጥንት ነጥቷል። እሳቸው ግን አጥበው ቡፌው ላይ አኑረውታል፤ በዚያው ዳንቴል ተሸፍኗል። ገለጥ አድርገው በኩራት አሳዩኝና ቶሎ መልሰው ሸፈኑት።

«አሁን ደግሞ ለምን?» አልኩ፣ ላስቲክ የለበሰው ሶፋቸው ላይ ዘፍ ብዬ።

«ብርሃን እንዳያበላሸው ነዋ!»