ጫፏ የተቆረጠ ሜትር

ሥራ ያለበት ቤት ሁሉ አንድ የማያምን ሰው አያጣም። ራሱ የለካውን መልሶ ይለካል፤ ሌላው የለካውን ደግሞ ጭራሽ እንዳልተለካ ይቆጥረዋል። እናንተም ዘንድ አለ። ከሌለ ምናልባት ሰውዬው እናንተው ናችሁ።

የእኛው፣ ክቡር ጋሽ ሜትር ይባላሉ። ወርክሾፓችን ውስጥ አናጺ ናቸው፤ ስሙን ያወጣንላቸው እኛ ነን። መፈክራቸው አንዲት ናት፦ «ለማንኛውም አንዴ እንለካ።» አንዴ ያሉት ግን አንዴ ሆኖ አያውቅም። በር ይለካሉ፣ ወንበር ይለካሉ፤ አንድ ቀን ጫማዬን አስሬ ቀና ስል ትከሻዬን እየለኩ ደረስኩባቸው።

ሜትራቸውም እንደ እሳቸው ግትር ናት። ጫፏ ተቆርጦ ከሦስት ሳንቲም ነው የምትጀምረው። ስለዚህ በለኩ ቁጥር በሆዳቸው ሦስት ይቀንሳሉ። አዲስ ይግዙ ስንላቸው፣ «ጠባይዋን አውቀዋለሁ» ብለው ያልፉናል።

ሰኞ ጠዋት አንዲት ጫማ ሠሪ እየተጣደፈች መጣች። ጫማዋን የምታቀርብበት ኤግዚቢሽን ሐሙስ ይከፈታል፤ ማሳያ እሠራልሻለሁ ያላት ሰው ስልኩን አጥፍቶ ጠፍቷል። ትልልቆቹ አከፋፋዮች ደግሞ የሚመጡት በመክፈቻው ዕለት ብቻ ነው። «ስድስት ዓመት ሙሉ ቤቴ ተቀምጬ ሰፋሁ» አለች። «አሁን እንኳ ሰው ይየኝ።»

እኔ ዲዛይነሩ ደረቴን ነፍቼ ተቀበልኳት። በአንድ ቀን ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ሦስት ሜትር የሚሞላ፣ ባለ ሦስት ክፍል ተገጣጣሚ ማሳያ ነደፍኩ፤ ምሰሶ፣ አግዳሚ፣ አሥራ ሁለት ባለ አንድ ሜትር መደርደሪያ፣ ጀርባው ጨርቅ። እየተሰካካ ይቆማል፣ ሲፈታ በአንድ ፒክአፕ ይጫናል። ጋሽ ሜትር ንድፉን አዩና የኮምፒውተሩን ስክሪን ለኩት።

ረቡዕ ረፋድ ላይ ብሎን ሊገዙ ወጡ። «መደርደሪያዎቹን ስመለስ እንቆርጣለን» ብለውኝ ነበር። እሳቸው ተመልሰው እያንዳንዱን ሰባት ጊዜ እስኪለኩ ሐሙስ ሊያልፍ ነው ብዬ፣ ጠረጴዛው ላይ የረሷትን ሜትር አነሳሁ። መቶ፣ ምልክት፣ መጋዝ። መቶ፣ ምልክት፣ መጋዝ። አሥራ ሁለቱንም በግማሽ ሰዓት ጨረስኩና እጄን አራገፍኩ።

የመጀመሪያውን ስገጥመው በምሰሶዎቹ መሀል ሾልኮ ወደቀ። ሁለተኛውም ተከተለው። ያቺ ሦስት ሳንቲም! ለመደርደሪያ የሚሆን ሌላ ኮምፔንሳቶ የለንም፤ እንጨት ቤቱ የሚያስመጣው ቅዳሜ ነው። የሴትዮዋ ስድስት ዓመት ፊቴ ድቅን አለብኝ።

«ጋሼ፣ ጉድ ሠራሁ» አልኳቸው ሲመለሱ።

ይጮሁብኛል ብዬ ጠበቅሁ። እሳቸው ተንበርክከው አሥራ ሁለቱንም አንድ በአንድ ለኩ። ጨርሰው፣ ለማንኛውም ብለው እንደገና ለኩ። ከዚያ ፊታቸው በራ።

«ሁሉም እኩል ነው ያጠረው። ዘጠና ሰባት፣ ዘጠና ሰባት!»

«ታዲያ ምን ይበጀናል?»

«አግዳሚዎቹንም ሦስት ሦስት እንቀንሳቸዋለን። ተገጣጣሚ አይደል? ምሰሶዎቹ ይቀራረባሉ፣ ማሳያውም አብሮ ያጥርልሃል። ከሦስት ሜትሩ ዘጠኝ ሳንቲም ቢጎድል ማን ያየዋል?»

ሐሙስ ጠዋት ማሳያው ቀጥ ብሎ ቆመ፤ ጫማዎቹ ተደረደሩ። ሴትዮዋ ዞር ዞር ብላ አየችና ጣቷን ግድግዳው ጥግ ላይ ቀሰረች። «ጋሼ፣ ይቺ ክፍተት ምንድን ናት?»



«የሜትሬ ጥፋት ናት፣ ልጄ» አሉ ጋሽ ሜትር። ወደ እኔ ዞር እንኳ አላሉም።

«ጥሩ፣ ጃንጥላዬን አቆምባታለሁ» ብላ ሳቀች። ምሳ ሰዓት ሳይደርስ ሁለት አከፋፋዮች ተቀምጠው ጫማ ይሞክሩ ነበር።

ፊት ለፊት ስለማልላቸው እዚህ ልበለው፤ እኚህን ሰውዬ እወዳቸዋለሁ። በማግስቱ አዲስ ሜትር ገዝቼ ሰጠኋቸው። ዘርግተው አገላበጡት፣ አሮጌዋን ጎኑ አስተኙና አዲሱን በአሮጌዋ ለኩት። ሦስት ቀነሱ።

«ልክ ነው» አሉና መልሰው እጄ ላይ አስቀመጡት። «አንተ ያዘው። አንተ መቀነስ ትረሳለህ።»