የእህቷ ልጅ ቃል አቀባይ

ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት የሚል ዘመድ የሌለበት ቤተሰብ ካለ፣ ያ ቤተሰብ ገና አልተሟላም። እንዲህ ያለው ዘመድ ሌላ ሰው ሲጠየቅ አፉን ይበላዋል። መልሱን ባያውቀው እንኳ ጥያቄ ሜዳ ላይ ወድቆ ሲቀር አንጀቱ አይችልም።

በድጋፍ ማዕከሉ የሚሠራው ወጣት የእነዚህን ሁሉ አለቃ ያገኘው ገና ሥራውን ሳይለምደው ነው። ማዕከሉ በሰው ቤት ተቆልፎባቸው ያለ ደመወዝ ሲያገለግሉ ኖረው የወጡ ሰዎችን ከነቤተሰባቸው ይረዳል። ወጣቱ ፊት ለፊቱ የተቀመጠችውን ሴት “ስምሽን ማን ልበል?” አላት። ስሟን የተናገረችው ከጎኗ የተቀመጠችው አክስቷ ናት። ዕድሜዋንም አክስት ተናገረች። “ውኃ ላምጣልሽ?” ሲል አክስት “አትጠጣም፣ አሁን ነው የጠጣችው” አለችና ብርጭቆውን ተቀብላ ራሷ ጨለጠችው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ በማዕከሉ ኮሪደር የአክስት ስም “ክብርት ቃል አቀባይ” ሆነ።

ክብርት ቃል አቀባይ ሙያዋ ዚፕ መጠገን ነው። አንድ ክፍል ቤቷ በር ላይ ተቀምጣ የቦርሳ፣ የሱሪ፣ የጃኬት ዚፕ ትቀይራለች። ደንበኛዋን “ምን ሆነብህ?” ትለውና አፉን ሳይከፍት “ጎትተኸው ነዋ” ብላ ትመልስለታለች። የእህቷ ልጅ ተቆልፎባት በኖረችባቸው ዓመታት ሁሉ ትንሽ ሴት ልጇን ያሳደገችላት በዚሁ ሥራ ነው። የትንሿ ትምህርት ቤትም አክስትን በደንብ ያውቃታል። አንድ ቀን መምህሯ ትንሿን የማባዛት ጥያቄ ጠይቃት መልሱ በመስኮት በኩል ከውጭ መጣ። ለነገሩ መልሱ ስህተት ነበር።

የእህቷ ልጅ በበኩሏ “እሺ” ከሚለው ሌላ መልስ አትሰጥም። ባገለገለችበት ቤት ከእሱ ሌላ አያዋጣም ነበር። ስለዚህ አክስት የሁለቱንም ድርሻ ማውራት ጀመረች።

የጥርስ ሐኪም ዘንድ ሄዱ። ሐኪሙ “የትኛው ነው የሚያምሽ?” ሲል አክስት የት እንደሆነ ለማሳየት አፏን በሰፊው ከፈተች። ሐኪሙም ጎንበስ ብሎ አየና “ይሄማ መነቀል አለበት” አለ። ያን ቀን አንድ ጥርስ ጎድሎባት የወጣችው አክስት ናት። የእህቷ ልጅ ጥርስ ሌላ ቀጠሮ ተያዘለት። የአክስት መንጋጋ ደንዝዞ ማውራት ስላልቻለች ወጣቱ በዚያ ከሰዓት ብዙ ሥራ ሠራ።

ከሥነ ልቦና አማካሪዋ ጋር የነበረው ቀጠሮ ደግሞ እንዲህ ነበር።

“አሁን ምን ይሰማሻል?” አለች አማካሪዋ።

“ተናዳ ነበር፣ አሁን ግን ይቅር ብላለች” አለች አክስት።

“ማንን?”

“እሱን ገና አልነገረችኝም።”

አማካሪዋ በትሕትና ውጭ እንድትጠብቅ ለመነቻት። አክስት እሺ ብላ ወጣች። የሚቀጥለው መልስ በቁልፍ ቀዳዳ በኩል ገባ።

ቤት እስኪገኝ ድረስ ነገሩ መሳቂያ ነበር። ማዕከሉ ሁለት ክፍል ያለው፣ በሩ ከውስጥ የሚቆለፍ ቤት አገኘ። ሦስቱ የሚኖሩት በአክስት አንድ ክፍል ውስጥ ነው። አልጋው ላይ አክስትና ትንሿ ይተኛሉ። የእህቷ ልጅ ግን ቦታ ቢለቀቅላትም ባገለገለችበት ቤት እንደለመደችው በሩ ሥር መሬት ላይ ነው የምትተኛው። ማዕከሉ ደግሞ የማይታለፍ ደንብ አለው። ሲታዘዝ የኖረ ሰው የት እንደሚኖር በራሱ አፍ ይናገራል። የእህቷ ልጅ እስከዚያ ቀን የሥራ መውጫ ሰዓት ካልተናገረች ቤቱ ተራ ለሚጠብቅ ለሌላ ቤተሰብ ይሰጣል።

“ቤቱን ትፈልጊዋለሽ?” አላት ወጣቱ።

“ትፈልጋለች” አለች አክስት።

“እናቴ፣ እሷን እኮ ነው።”

“እሷን መሆኑ ጠፍቶኝ ነው? ትፈልጋለች አልኩህ።”

“እርስዎ ሲሉት አይቆጠርም።”

“ጮክ ብዬ ልበለው?”

ወጣቱ አፏን እንዲይዝለት ለአክስት ከረሜላ ሰጣት። ጉንጯ ውስጥ ወሽቃ ቀጠለች። ሻይ እንድታመጣ ላካት። ከመንገዱ ማዶ፣ ከሻይ ቤቱ በር ላይ ሆና ጭንቅላቷን በኃይል ወደ ላይና ወደ ታች ስትነቀንቅ በመስኮቱ አያት። የእህቷ ልጅ ወለል ወለሉን ታያለች። ሥራ መውጫው ደርሷል። ምናልባት ቤቱን አትፈልገውም ይሆን እያለ ወጣቱ ሰዓቱን ደጋግሞ ያያል።

አክስት ሻዩን ይዛ ተመለሰች። “ምን አለች?”

“ምንም።”

“ምንም? አንቺ ልጅ፣ ቤት እኮ ነው። ልጅሽ ቁጭ ብላ የምታጠናበት ቤት። ትፈልጋለች፣ እኔ በሷ ፈንታ እምላለሁ፣ ከፈለግህ አሁኑኑ…”

“አክስቴ፣ እስቲ ዝም በይ።”

አክስት ድምፁ እንግዳ ሆኖባት ማን እንደገባ ለማየት ወደ በሩ ዞረች።

“ቤቱን እፈልገዋለሁ” አለች የእህቷ ልጅ። “ግን ያለ አክስቴ አልገባም።”

ወጣቱ ቅጹን ገለጠ። “ቤቱ የሚሰጠው ላንቺና ለጥገኞችሽ ብቻ ነው። ልጅሽ እሺ። እሳቸው ግን…” ወደ አክስት ዞረ። “እናቴ፣ አሁን እርስዎን ነው የምጠይቀው። የሚያስተዳድርዎ ማን ነው?”

ክብርት ቃል አቀባይ አፏን ከፈተች። መልሳ ዘጋችው። ስለ ራሷ የጠየቃት ሰው አልነበረም፣ ስለዚህ የተዘጋጀ መልስ አልነበራትም።

“እኔ ነኝ” አለች የእህቷ ልጅ። “ዓይኗ ደክሟል። መርፌው ላይ ክር የምታስገባላት ልጄ ናት። እናንተ ያገኛችሁልኝን ሥራ ሰሞኑን እጀምራለሁ፣ ከእንግዲህ እኔ እይዛታለሁ።”

“እርስዎስ ምን ይላሉ?” አለ ወጣቱ። “ከራስዎ አፍ መስማት አለብኝ።”

“ጥገኛ አትበሉኝ” አለች አክስት ዝግ ብላ።

“ማን እንበልዎ ታዲያ?”

“አክስት በሉኝ።”

“እሷ ካስተዳደረችዎ ደንቡ በአክስትነትም ያስገባዎታል።”

“እንግዲያው እገባለሁ።”

ቁልፉን ይዘው ወዲያው ቤቱን ሊያዩ ሄዱ። መንገዱን ሙሉ አክስት ቃል አልተነፈሰችም። ይህን ዝምታ ለወራት ሲመኝ የኖረው ወጣት አላስችል ብሎት ሁለቴ “ምነው፣ አመመዎት እንዴ?” ብሎ ጠየቃት።

ቤቱ ባዶ ነው። መስኮቱ ሰፊ ነው፣ ግድግዳው አዲስ ቀለም ይሸታል። አክስት ከመሃል ቆማ ዙሪያውን ቃኘች፤ ከዚያ ወደ እህቷ ልጅ ዞረች።

“አልጋሽን የት እናድርገው?”

ይህን ብላ አፏን በመዳፏ ከድና ጠበቀች። የእህቷ ልጅ ግድግዳውን አየች። በሩን አየች። መስኮቱ ጋ ሄዳ ቆመችና ተመልሳ መጣች። ጊዜው ረዘመ፣ አክስት ግን ከነመዳፏ ቆማለች።

“መስኮቱ ሥር ቢሆን ይሻላታል” አለ ወጣቱ።

“አንተን ደግሞ ማን ጠየቀህ?” አለችው አክስት።