ውፍረት የሚያመልከው ባለሱቅ

የወፈረ ነገር ሁሉ ጥሩ የሚመስለው ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔን ገጥሞኛል። በጃንሆይ ጊዜ ቡታጅራ ላይ ሱቅ የነበረው ናስር፣ ከአዲስ አበባ ያመጣውን የፊት ክሬም ክዳኑን ከፍቶ ይዘቀዝቅና፣ «ወላሂ ጠብ አይልም! ቅቤ ድሮ ቀረ!» ይል ነበር።

ቅቤ ነጋዴዋ አክስቴ አንዱን ገዛች። እሷ ደግሞ ቅቤን ሳታቀልጥ አታምንም፤ ክሬሙንም እንደ ቅቤው ድስት ውስጥ ጨምራ ጣደችው። ዘይቱ ይወጣል ብላ ስትጠብቅ እንፋሎት ሆኖ አለቀ። ድስቱ ላይ የቀረው እንደ ሙጫ የተጣበቀ ስስ ነገር ብቻ ነው። ድስቱን አንጠልጥላ ሱቁ ድረስ ሄደች። እኔም ተከተልኳት።

«አንተ ናስር፣ ውሃ ነው እንዴ የሸጥክልኝ?»

«እትዬ፣ ውሃውን የሚያወፍር ኬሚካል አለበት እኮ! የፋብሪካ ሥራ ነው!» አላት፣ ኮራ ብሎ።

ኮራ ብሎ! ደሜ የፈላው ይሄኔ ነው። ከዚያ ቀደም ሌላ አንዲት ምስኪን ሴት ቅቤዋን በውሃና በቡላ አወፈረች ብሎ፣ ሌባ እያለ አጥቢያ ዳኛ ፊት ያቆማት ማን ሆነና? ከገበያስ ያስባረራት? ይኸው ናስር ነው!

ለካ ያቺ ሴት የጎደላት ፋብሪካ ብቻ ኖሯል።