ሪፖርት ሆኖ የሄደ መለከት

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል። ለሰው ልጅ እንኳ ይሁን፤ ለኮምፒውተር ፋይል ግን መልአክ ሲደርስለት አላየሁም። ለእሱ ስም የሚያወጣለት እንደ እኔ ያለ፣ በወረዳ መሥሪያ ቤት ጥግ ተቀምጦ የታመመ ፕሪንተር ሲያስታምም የሚውል ባለሙያ ነው። ከፋይሉ ስም ኋላ፣ ከነጥቧ ቀጥላ የምትንጠለጠለውን ትንሽ ቅጥያ አይታችኋል? ኮምፒውተር ፋይሉ ዘፈን ይሁን ሠንጠረዥ የሚለየው በእሷ ነው። ውስጡን ለማየት አይቸኩልም። የእኛ መሥሪያ ቤት ዘበኛም ከረባት ያሰረውን ሁሉ ሳይፈትሽ ያሳልፋል። አትፍረዱባቸው፤ እኛስ ማንን ፈትሸን እናውቃለን?

የምሠራው ባምባሲ ነው። ከጎኔ ያለው ጠረጴዛ የኢብራሂም ነው፤ የበርታ ብሔረሰብ ልጅ፣ ዝምተኛ፣ የራሱን ሥራ ጨርሶ የሰው ሥራ የሚያግዝ። አባቱ ዋዛ የሚባለውን ረጅም የቅል መለከት ይነፉ ነበር። ዋዛ ለብቻ አይነፋም። አንዱ ሰው የሚያወጣው አንድ ድምፅ ብቻ ነው፤ ዜማው የሚገኘው ሁሉም ተራውን ጠብቆ ሲነፋ ነው። ኢብራሂም አባቱ ከጓደኞቻቸው ጋር በየሠርጉ ሲነፉ እየተከተለ በስልኩ ቀድቶ፣ እያንዳንዱን ቅጂ በተቀዳበት ቀበሌ ስም ሰይሞ፣ ቢሮ ኮምፒውተሩ ላይ አስቀመጠው። አባቱ አምና ክረምት ሞቱ። ስልኩም ብዙ ሳይቆይ ተከተላቸው። የቀረው ያ ፎልደር ብቻ ነበር።

አንድ ጠዋት አለቃችን አቶ ይመር ሰበሰቡንና ተቆጣጣሪዎች ከአሶሳ ተነሥተው በመንገድ ላይ መሆናቸውን፣ በመንግሥት ኮምፒውተር ላይ ዘፈን የተገኘበት ሠራተኛ ቢኖር እንደማያውቁት ነገሩን። ዘፈን ያለበት ሁሉ አሁኑኑ ያጥፋ ተባለ። ፍላሽ ላይ ገልብጠው አትሉኝም? የኢብራሂምን ፍላሽ ቫይረስ በልቶታል፤ የእኔን ደግሞ ከኢብራሂም የተጋባበት ቫይረስ በልቶታል። ኢንተርኔቱም እንደ ልማዱ የለም።

ኢብራሂም ወንበሩን ወደ እኔ አስጠጋ። «ወንድሜ፣ የአባቴ ድምፅ ሌላ ቦታ የለም» አለኝ።

በኢብራሂም ኮምፒውተር ላይ ጥቁሩን የትእዛዝ መስኮት ከፈትሁ። ሥዕል የለ፣ የሚነካ የለ፤ ትእዛዝ መጻፍ ብቻ ነው። ቅጥያው የዘፈን የሆነ ሁሉ ከእንግዲህ ቅጥያው የኤክሴል ይሁን ብዬ በአንድ መስመር አወጅሁ። «ሁሉ» የሚለውን የምትተካው አንዲት ኮከብ ናት፤ እሷን የጻፈ ሰው ፋይሎቹን አንድ በአንድ ሲለማመጥ አይውልም። ዓይን ተጨፍኖ እስኪገለጥ ዋዛ ነፊው ሁሉ ሠንጠረዥ ሆኖ ቁጭ አለ። ያን ቀን በራሴ ኮራሁ፤ አልዋሽም።

ተቆጣጣሪዎቹ መጡ፣ ዘፈን ፈለጉ፣ አጡ። ሊወጡ ሲሉ ግን የኢብራሂምን ፎልደር አዩ። በየቀበሌው ተለይቶ፣ በስሙ ተሰይሞ፣ ሁሉም ኤክሴል! እንዲህ የተደራጀ ሪፖርት በየትም ወረዳ አላየንም አሉ። አቶ ይመር ፎልደሩን ያን ዕለት ገና ማየታቸው ቢሆንም ምስጋናውን እንደሚገባቸው ሆነው ተቀበሉ። በዚህ ቢያበቃ ምን ነበረበት። እሳቸው ግን ደስታው ሞቅ ሲያደርጋቸው ዋናው ራሱ አሶሳ ገብቶ ይቀመጥ ብለው ፎልደሩን እኛ ጋ ቅጂ ሳያስቀሩ ቆርጠው በተቆጣጣሪዎቹ ሃርድ ዲስክ ላይ ለጠፉት። ኢብራሂም አጠገባቸው ቆሞ አባቱ ሲሄዱ አየ። ከድጡ ወደ ማጡ ማለት ይህ ነው። ቢናገር ዘፈን መደበቁ ይታወቅበታል፤ ባይናገር አባቱ ሪፖርት ሆነው ቀሩ።

ከዚያ በኋላ ምሳ እንኳ አብሮን አይበላም ነበር። አጽናናሁት። ሪፖርትን የሚከፍት የለም፣ ስለዚህ የሚያጠፋውም የለም፤ አባትህ ከዚህ የበለጠ ደህና ቦታ አያገኙም አልሁት። አልሳቀም። እኔም ስናገረው እንጂ ሳስበው ብዙ አላሳቀኝም። በመሐሉ መሥሪያ ቤታችን ለሪፖርቱ ጥራት የምስክር ወረቀት ተሸለመ፤ አቶ ይመር በመስታወት አስገብተው ከራሳቸው ወንበር በላይ ሰቀሉት።

አንድ ከሰዓት ስልኬ ጠራ። ከአሶሳ ነው፤ መረጃ ክፍል አዲስ የተቀጠረች ልጅ። አዲስ መሆኗ ያስታውቃል፤ ሪፖርት ከፍታለች።

«ወንድሜ፣ ሪፖርታችሁ አልከፈት አለኝ» አለች።

ስልኩን ድምፁን ከፍ አድርጌ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥሁት። ጥቁሩን መስኮት አስከፈትኋት፣ ኮከቧን አስጻፍኋት፣ የኤክሴሉን ሁሉ ወደ ዘፈን አስመለስኋት። ለምን ብላ አልጠየቀችም። አሁን ክፈቺው አልኋት።

በመጀመሪያ የሕዝብ ጫጫታ መጣ። ከዚያ አንድ መለከት፣ ሌላ መለከት፣ ከዚያ ሌላ፤ ተራ በተራ። ኢብራሂም ከወንበሩ ተነሣ።

«እህቴ፣ አትዝጊው» አላት ወደ ስልኩ ጎንበስ ብሎ። «ሦስተኛው አባቴ ነው።»

አልዘጋችውም። አቶ ይመር እንኳ ከምስክር ወረቀታቸው ሥር ተነሥተው በራቸው ላይ ቆመው ይሰሙ ነበር፤ ምን እንደሆነ ግን አልጠየቁም። ቅጂው አለቀ።

«የሚቀጥለውን ቀበሌ ልክፈተው?» አለች።

ኢብራሂም ስልኩን ወደ ራሱ አስጠጋ፤ ክፈቺው ያልኋት እኔ ነኝ። ቀበሌዎቹን ሁሉ አዳረስናቸው። በሥራ ዘመኔ ሪፖርት ስላለቀ የከፋቸው ሰዎች ያየሁት ያን ዕለት ብቻ ነው።