መጋቤ ጎመን ገዱ

በየከተማው የሰው ሳህን የሚቆጣጠር አንድ ሰው አይጠፋም። ማንም አልሾመውም፤ ሐኪምም አይደለም፤ እርስዎ ምን መጉረስ እንዳለብዎት ግን ከእርስዎም ከባለቤትዎም በላይ ያውቃል። እንጀራ ሲቆርሱ ከኋላዎ ሆኖ ጉሮሮውን ይጠርጋል። ስኳር ሊጨምሩ ማንኪያ ሲያነሱ ዓይኑ ማንኪያዋን እየተከተለ እስከ ብርጭቆው ይሄዳል። በእኛ ከተማ እንዲህ ያለ ሰው የለም የሚል ካለ፣ ምናልባት ሰውየው ራሱ ነው።

የእኛው፣ የደባርቁ፣ ገዱ ይባላል። ዋናው መንገድ ዳር ቆርቆሮና ምስማር ይሸጣል፤ የሚታወቀው ግን በጤና ቡድኑ ነው። ጤና ቡድን ማለት ወገባቸው የሰፋ አስተማሪዎች፣ ሾፌሮችና ነጋዴዎች ማለዳ ማለዳ እያለከለኩ ኳስ የሚያሳድዱበት ማኅበር ነው። ገዱ እዚያ ውስጥ አሰልጣኝ አይደለም፤ አምበልም አይደለም። የምግብ ኃላፊ ነው፤ ሹመቱን የሰጠውም ራሱ ነው። ተጫዋቾቹ በሌለበት «መጋቤ ጎመን» ይሉታል። ባለበት ግን «ጋሼ ገዱ» እያሉ ሆዳቸውን ወደ ውስጥ ይስባሉ።

ሰላም ሲል ትከሻ አይገጭም፤ ወገብ ይቆነጥጣል። የቆነጠጠውንም በጣቶቹ መሃል ይዞ ትንሽ ያሰላስላል። ሰርግ ቤት ሲገባ ሙሽሮቹን ከመሳሙ በፊት የተጋባዡን ሳህን ይቃኛል። «እሱን አስቀምጠው!» ይላል። እሱ የተባለው ቅልጥም ይሁን ድፎ ዳቦ፣ የያዘው ሰው አይጠፋውም። ለቅሶ ቤት ደግሞ ንፍሮ ሲቀርብ ፊቱ ይፈካል። አንድ ጊዜ ሐዘንተኞቹን ዞር ዞር ብሎ ካየ በኋላ «ዛሬ ገና እንደ ሰው በላችሁ» ቢል፣ አልቃሿ ሳትቀር ለቅሶዋን አቋርጣ አፈጠጠችበት።

ሐሙስ ሐሙስ ቡድኑን ሰብስቦ ወደ እህል ነጋዴው ቢራራ መጋዘን ይወስዳል። ሚዛኑ የገብስ ጆንያ የሚመዘንበት ነው። አስተማሪው ጃኬቱን፣ ሾፌሩ ጫማውን አውልቆ በጆንያዎቹ መሃል ተራ ይጠብቃል። ቢራራም የእጅ ልማድ ሆኖበት እያንዳንዱን መዝኖ ሲጨርስ ጀርባውን መታ መታ ያደርግና «ይነሳ!» ይላል።

እውነቱን ለመናገር፣ የገዱ ትምህርት ስህተት የለበትም። የሳህኑ ግማሽ ጎመንና ካሮት፣ ሩቡ ምስር ወይ ባቄላ፣ ሩቡ እንጀራ ይሁን ይላል። ቁርስ አይዘለልም። ከልምምድ በፊት ትንሽ ቆሎ፣ ከልምምድ በኋላ ውሃና በሶ። ከምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት በኋላ አፍ ይዘጋል። ኪሎ ቀስ ብሎ ይውረድ እንጂ አይሩጥ። ይህን ሰምቶ የጠፋ የለም፤ ብዙ ሱሪ ግን ሰፍቷል፤ ብዙ ጉልበትም ከሕመሙ ተገላግሏል።

ሰው ይቅር ሊለው ያልቻለው አንድ ነገር ነው። ገዱ ጉርሻ አይቀበልም፤ አያጎርስምም። አንዲት አሮጊት ጠቅልለው እጃቸውን ሲዘረጉለት «ሳህኔ ላይ ያልነበረ ሆዴ ውስጥ አይገባም» ብሎ ፊቱን ያዞራል። በዚህ አገር ከዚህ የባሰ ስድብ የለም። የሚገርመው ደግሞ ይኸው ሰው ድሮ የሚታወቀው በጉርሻው ነበር፤ ጡጫ ያህላል፤ የጎረሰው ሰው ለጥቂት ጊዜ መናገር አይችልም ነበር። ጎንደር ያለ ሐኪም ቢያስፈራራው ነው የተለወጠው ይባላል። ከቡድኑ አባላት አንዱ የሆነው ታደለም እንደዚያው ያምን ነበር።

ታደለ የሒሳብ አስተማሪ ነው፤ ረጋ ያለ፣ ወፈር ያለ፣ ሰው ማስቀየም የሚፈራ ሰው። ታላቅ ወንድሙ ሰጠኝ የቡድኑ የግራ ክንፍ ነበር። ከሁለት ዓመት በፊት ዳባት ሜዳ ላይ፣ ከዳባት ጤና ቡድን ጋር ሲጫወቱ፣ ማንም ሳይነካው ወደቀ። አልተነሳም። ሐኪሞቹ ልቡ ነው አሉ። ከዚያ ወዲህ ሁለቱ ከተሞች ኳስ ገጥመው አያውቁም።

በ2006 ዓ.ም. ሁዳዴ ሲገባ የዳባት ሰዎች ሽማግሌ ልከው ጨዋታው ይቀጥል አሉ። ደባርቅም ተስማማ፤ የሰጠኝን ሰባት ቁጥር ማልያም ታደለ ይልበሰው ተባለ። ታደለ አጠለቀው፤ ማልያው ደረቱ ላይ ሲደርስ እምቢ አለ። ሁሉም መሬት መሬት አየ። ገዱ ብቻ ቀረብ ብሎ ወገቡን ቆነጠጠና፣

«ማልያው አይሰፋም፤ አንተ ትጠባለህ» አለ። ከዚያም ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ሐኪሙ ግፊትህ ከፍ ብሏል፣ ኪሎ ቀንስ እንዳለህ አውቃለሁ። ማልያው ካልገባህ ዳባት አትወርድም። ከዚያ ቤት ሌላ ሰው አልቀብርም» አለው።

ታደለ ማልያውን መኝታ ቤቱ ግድግዳ ላይ ባለች ምስማር ሰቀለው። ወንድሙ ጀምሮ የተወውን ጨዋታ መጨረስ ፈለገ። ከልጅነቱ ጀምሮ እንደዚያ አጥብቆ የተመኘው ነገር አልነበረም።

ነገሩ የተበላሸው እዚህ ላይ ነው። ታደለ በዓለም ላይ የሚፈራቸው ሁለት ሰዎች ናቸው፤ አንዱ ገዱ፣ ሌላው የንስሐ አባቱ መምሬ ተክለ ማርያም። መምሬ፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ውሃ አይቀመስም ብለዋል። ገዱ፣ ከአሥራ ሁለት በኋላ አፍ ይዘጋል ብሏል። ታደለ ሁለቱንም ታዘዘ። በመሃል የቀረችለትን ጊዜም ዘይት ያልነካው ጎመን እየበላ አሳለፋት። እንጀራውንና ሽሮውን ተው ያለው የለም፤ ይቺን ከራሱ ጨመራት።

ገዱ በየማለዳው «ቁርስ በላህ?» ይለዋል። የግፊት ክኒን የሚውጥ ሰው ስለሆነ መምሬ ጾሙን አቅልለውለታል ብሎ ነው። መምሬ ደግሞ «ገዱ የያዘው ሰው ምግቡ አይጓደልበትም» ብለው እፎይ ብለዋል። ሁለቱ ተገናኝተው አልተነጋገሩም። ታደለም ለገዱ «በላሁ» ይላል። በሁዳዴ ጥሶ ጾምሁ ብሎ የሚዋሽ ሞልቷል፤ ጾሞ በላሁ ብሎ የዋሸ ግን ከታደለ በፊት የተሰማ አይመስልም።

በቢራራ ሚዛን ላይ የታደለ ኪሎ ቁልቁል ተንደረደረ። ቡድኑ አጨበጨበ። ገዱ አላጨበጨበም።

«ይኼ መውረድ አይደለም፤ መውደቅ ነው» አለ ፊቱን እያጠና። «ምን እየበላህ ነው?»

«ያልኸኝን።»

«ማልልኝ።»

«አሁን በሁዳዴ ማል ትለኛለህ?» አለ ታደለ።

አንድ ቀን ክፍል ውስጥ፣ የጻፈው ቁጥር ሰሌዳው ላይ ይዋኝበት ጀመር። ጠረጴዛውን ጨብጦ ቆመ። ተማሪዎቹ የሚያስብ መስሏቸው ጸጥ አሉ። ላቡ በጀርባው ሲወርድ ተሰማው፤ እጆቹ ግን በርደዋል። ሰጠኝም እንዲህ ሆኖ ይሆን ብሎ ፈራ። ቢሆንም ለማንም አልተናገረም፤ ቢናገር ማልያው ከምስማሩ ወርዶ ለሌላ ሰው ይሰጣል።

ሚስቱ ጽጌሬዳ ግን ታያለች።

«ምነው ፊትህ አመድ መሰለ? ለጋሼ ገዱ ልንገረው?»

«እንዳትሞክሪው!»

«ለመምሬስ?»

«ለሳቸውማ ጭራሽ!»

«እና ለማን ልንገር? ለሬሳ ሣጥን ሠሪው?» አለችና እንባዋ ቀደማት።

በጨዋታው ዋዜማ ማልያው ገባ። ጽጌሬዳ በሩ ላይ ቆማ ለረጅም ጊዜ አየችው። «ሰጠኝን መስለሃል» አለች፤ ደስ ብሏት እንዳልሆነ ታደለ አወቀ።

ጨዋታው ቡድኑ ከሥራ አስፈቅዶ በወጣበት አንድ ሐሙስ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ነበር። መምሬ ተክለ ማርያምም ስለ ሰጠኝ ጸሎት ሊያደርሱ ከቡድኑ ጋር በሚኒባስ ወረዱ። መንገዱን ሙሉ ማንም አልቀለደም። ገዱ ከሾፌሩ ጎን ተቀምጦ በመስተዋቱ ታደለን ያየዋል፤ ታደለ ዓይኑን ወደ ገብሱ ማሳ ያሸሻል።

«ቁርስ በላህ?» አለው ሜዳው ጋ ሲወርዱ።

«በላሁ አልሁህ!» አለ ታደለ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ተቆጥቶ።

ጸሎቱ ተደረገ፤ ኳሱ ተጀመረ። የመጀመሪያው አጋማሽ አለፈ። በሁለተኛው ላይ ኳሷ በግራ በኩል ለታደለ ደረሰችው። ከፊቱ ሰው የለም። ሰባት ቁጥርን ጀርባው ላይ ይዞ ሮጠ፤ ከዳር የቆመው ሰው ሲጮህለት ሰማ፤ ቀጥሎ ጩኸቱ ከሩቅ መጣ፤ ቀጥሎ ሜዳው ከእግሩ ሥር ሸሸ። ወደቀ። የወደቀው ወንድሙ ከወደቀበት ብዙ ሳይርቅ ነው።

የዳባቱም የደባርቁም ተጫዋች ኳሷን ትቶ ወደ እሱ ሮጠ። ታደለ ዓይኑን ሲገልጥ ከላዩ የገዱን ፊት አየ፤ ከንፈሩ ነጥቷል።

«ታደለ! ትሰማኛለህ? ዛሬ ምን በላህ? እውነቱን ንገረኝ!»

«ምንም።»

«ትናንትስ?»

«ጎመን።»

«ከጎመን ሌላ?»

ገዱ ቀና ብሎ መምሬን አያቸው። መምሬም ገዱን አዩት።

«እርስዎ አልፈቀዱለትም እንዴ?»

«አንተ እያበላኸው አልነበረም እንዴ?»

መምሬ መስቀላቸውን አውጥተው ግንባሩን ባረኩና «ፈትቼሃለሁ ልጄ! ብላ! አሁኑኑ ብላ!» ብለው ጮኹ።

ገዱ ዕድሜው ከሚፈቅድለት በላይ ሮጠ። «የጠርሙስ መርዝ» እያለ የሚረግመውን ለስላሳ ከኪዮስኩ ነጥቆ፣ ቆርኪውን በጥርሱ ነቅሎ መጣ። የታደለን ራስ ጭኑ ላይ አስደግፎ ትንሽ ትንሽ አጠጣው። ቀስ እያለ የታደለ ዓይን ጠራ። ከጤና ጣቢያ የተጠራችው ነርስ ግፊቱን ለካች፤ ልቡን አዳመጠች። «ልቡ ደህና ነው። ይኼ ሰው ርቦታል» አለች።

የዳባት ሴቶች ለጨዋታው ማብቂያ ያዘጋጁትን መሶብ አቀረቡ። ልታጎርሰው እጇን ወደ መሶቡ የሰደደችውን ሴት ገዱ በክንዱ ከለከላት። ራሱ እንጀራ ቆረሰ፤ ሽሮ ጨመረበት፤ ምስር ጨመረበት፤ ጠቀለለ። ሳህን አልለካም፤ ሩብም ግማሽም አላለም። ጡጫ የሚያህል ጉርሻ ሆነ። ወደ ታደለ አፍ ሲያመጣው እጁ ክፉኛ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ታደለ ያን ጊዜ ትዝ አለው። ከሁለት ዓመት በፊት በጨዋታው ቀን ምሳ የበሉት ገዱ ቤት ነው። ገዱ እየጠቀለለ «ጉረስ እንጂ፤ ዳባትን በምን ጉልበት ልታሸንፍ ነው?» ይላል፤ ሰጠኝ አፉ ሞልቶ ይስቃል። የመጨረሻው ጉርሻ ከገዱ እጅ ነበር። ሐኪም ልቡ ነው ቢልም ገዱ አላመነም ኖሯል። የለወጠው የጎንደሩ ሐኪም አልነበረም። ሁለት ዓመት ሙሉ የከተማውን ሰው ሁሉ ሳህን ሲጠብቅ የኖረው ስለዚህ ነው። ታደለ ይህን ሲያስብ በዚህ ነዝናዛ ሰው ላይ የነበረው ቂም ሁሉ ወጣለት።

«እሱን አስቀምጠው» አለው በደከመ ድምፅ።

ገዱ ሊስቅ ፈልጎ አለቀሰ። «ዝም ብለህ ዋጥ፣ አንተ ውሸታም» አለና አጎረሰው። ወዲያው ሁለተኛውን ጠቀለለ።

ጨዋታው እዚያው ቆመ፤ የቀረውን ከፋሲካ በኋላ እንጨርሰዋለን ተባለ። ከዚያ ወዲህ የታደለ ኑሮ ቀለለ ማለት አይቻልም። መምሬና ገዱ አሁን ይመካከራሉ፤ ይህ ከሁሉ የከፋው ነው። የታመመ ሰው ሐኪሙን ሳይጠይቅ አይጹም ተብሏል፤ የጾመኞች ልምምድ ወደ ማታ ተዛውሯል፤ ታደለም ሐኪሙን አስፈቅዶ ይጾማል፤ ከዘጠኝ ሰዓት ጀምሮ ግን ሽሮውን፣ ምስሩንና እንጀራውን ሳህኑ ላይ አሟልቶ ካልበላ ሁለቱም በየተራ ቤቱ ድረስ ይመጣሉ። ማልያው ትንሽ ጠበብ ብሎታል፤ ግን ይገባል።

ለፋሲካ ገዱ ታደለ ቤት ተጠራ። ገና ከመቀመጡ የታደለን ወገብ ቆነጠጠ፤ ሳህኑን ቃኘ፤ ሁለተኛው የዶሮ እግር ላይ ሲደርስ ዓይኑ ቆመ።

«እሱን አስቀምጠው!»

ታደለ አስቀመጠው። ከዚያ በእንግዳ ሁሉ ፊት ወደ ገዱ ዞሮ አፉን ከፈተና ጠበቀ። ጽጌሬዳ ማጀት በር ላይ ቆማ ቀረች። ገዱ ግራ ቀኙን አየ፤ አጉረመረመ፤ «ይኼ እኮ ያለ ሚዛን ነው!» አለ። ከዚያ እጅጌውን ሰብስቦ ትንሽዬ ጉርሻ ጠቀለለና አጎረሰው።

ታደለ አፉን አልዘጋም። ገዱ ሁለተኛውን ሲጠቀልል እጁ አልተንቀጠቀጠም።