ሁሉም የጠቆሙት የሚስቀው ፊት

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም ነበር። ለእናቴም፣ ለንስሐ አባቴም። ለንስሐ አባቴ ያልነገርኋቸው፣ ኃጢአት ይሁን አይሁን ስላላወቅሁ ነው። ምስጢሬ ይኸውላችሁ፤ ስብሰባ ላይ ዝም የምለው ስለምፈራ ነው። ሰው ፊት ልናገር ስል ጆሮዬ ይግላል። ከተማችን ደባርቅ ደግሞ ዝምተኛ ሴት ታከብራለች፤ ያልተናገረ ሁሉ ብዙ የሚያውቅ ይመስላታል። እኔም በዝምታዬ ብቻ ከኮሚቴ ወደ ኮሚቴ ስሾም ኖርሁ። እናንተም መሥሪያ ቤት እንዲህ ያለች አስተዋይ ካለች እስቲ ቀስ ብላችሁ ጠይቋት።

ዘንድሮ ለትምህርት ቤታችን የማኅበራዊና ስሜታዊ ትምህርት ፕሮግራም ይመረጥ ተባለ። ልጆች ንዴታቸውን፣ ኀዘናቸውንና ጸባቸውን በወጉ መያዝ የሚማሩበት ነው። ስሰማ እንዴት እንደ ተደሰትሁ! በልጅነቴ ያጣሁት ትምህርት ነዋ። መራጮቹ ሦስት ነን፤ ርእሰ መምህራችን ጋሽ ይስማው፣ የወላጆች ተወካይ የሆኑት የቅኔ መምህሩ የኔታ ክንፉ፣ እና ዝምተኛዋ መምህርት፣ እኔ ውዴ። የቀረቡልን ሁለት ናቸው። አንደኛው ባለሥዕል ነው፤ ግድግዳ ላይ የሚስቅ፣ የሚያለቅስና የሚቆጣ ፊት ይለጠፋል፣ ልጁ ጠዋት ጠዋት ስሜቱን ይጠቁማል። ሁለተኛው ሥዕል የለውም፤ መምህሩ ቀድሞ የራሱን ስሜት ይናገራል፣ ልጆቹ ይከተላሉ። ጋሽ ይስማው ባለሥዕሉን ወደዱ። ግድግዳ ላይ ያለ ነገር ለጎብኚ ይታያላ!

መሞከሪያው የእኔ ክፍል ሆነ። ሦስታችንም ቆመን እያየን ልጆቹ ተራ በተራ እየወጡ ጠቆሙ። የሚስቀውን ፊት። የሚስቀውን ፊት። አሁንም የሚስቀውን ፊት። ምን ይገርማል? እኛ አገር እንዴት አደርህ የተባለ ሰው ቤቱ ቢቃጠል እንኳ መጀመሪያ እግዚአብሔር ይመስገን ነው የሚለው። ሰው ፊት ወጥቶ የሚያለቅሰውን መጠቆም ፈጣሪን ማማረር ነው። አበቡም ወጣች። አባቷ ጨነቅ በሚባለው የተራራ ሰፈር የቱሪስት በቅሎ ነጂ ናቸው፤ በቅሎ ረግጧቸው ጎንደር ሆስፒታል ከተወሰዱ ወዲህ ልጅቷ በእረፍት ሰዓት አጥር ሥር ብቻዋን ነው የምትቀመጠው። ዓይኗ እንደ ረጠበ የሚስቀውን ጠቆመች።

«አያችሁ!» አሉ ጋሽ ይስማው እጃቸውን እያፋተጉ። «ገና በመጀመሪያው ቀን ክፍሉ ሙሉ ደስተኛ!»

ቢሮ ገባን። የኔታ አልተዋጠላቸውም።

«ይስማው፣ ልጆቹ ጨዋ ስለሆኑ ነው እንጂ። እኔንም ብትጠይቀኝ የሚስቀውን ነበር የምጠቁም። ሁለተኛው ይሻላል።»

«መምህር ተማሪ ፊት ይናዘዝ ነው የሚሉኝ፣ የኔታ?» አሉ ጋሽ ይስማው። ወደ እኔ ዞሩ። «እንግዲህ አንድ ለአንድ ነን። መምህርት ውዴ ዝም ካለች ተስማምታለች። የእኔን ልጻፍ።» እስክሪብቶ አነሡ።

አበቡ ዓመቱን ሙሉ ያንን ፊት ስትጠቁም ታየችኝ። መነሣቴን ያወቅሁት ወንበሬ ከኋላዬ ሲወድቅ ነው።

«አልተስማማሁም! ዝም የምለው ፈርቼ ነው። ሁልጊዜም ፈርቼ ነው። እነዚያም ልጆች እንደኔው ናቸው!»

ከዚያ የኔታ ጋቢያቸው ከትከሻቸው እስኪወርድ ሳቁ።

«አንቺ ልጅ! እኔ እኮ ባለቤቴን፣ እንደ መምህርት ውዴ አስተውለሽ ዝም በይ እያልሁ ስገሥጻት ኖሬያለሁ! ዛሬ ምን ብዬ ቤት ልግባ?»

ጋሽ ይስማውም ሳቅ አመለጣቸው፤ የጀመሩትን ሰርዘው ሁለተኛውን ጻፉ። ደስታዬን ይዤ በሩ ጋ ስደርስ ግን ጠሩኝ። «በይ እንግዲህ፣ መምህሩ ቀድሞ ይናገራል ነው የሚለው። ነገ ጀማሪዋ አንቺ ነሽ!» ለዚህ ነው እንግዲህ ያን ሁሉ የታገልሁት!

በማግስቱ ጠዋት ክፍል ገብቼ ልጆቹ ፊት ቆምሁ። «ልጆች፣ ዛሬ በጣም ፈርቻለሁ፤ ደግሞም በጣም ደስ ብሎኛል» አልሁ። ሳቁብኝ። ሳቁ ሲበርድ አበቡ የእሷን ልትናገር ከኋላ እጇን አወጣች፤ ወንበሬን ይዤ ሄጄ አጠገቧ ተቀመጥሁ።