ጨዋ ሰፈር አውቶቡስ አይመጣለትም

እኔን ብትጠይቁኝ፣ አውቶቡስ የሚርቀው ከጨዋ ሰው ነው! መንገዱ ስለከፋ ወይም ሞተሩ ስለደከመ እንዳይመስላችሁ። አታምኑኝም? እንግዲያው እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ግርጌ ባለው ሰፈራችን የደረሰውን ስሙ።

አውቶቡስ የሚቆመው ከዳገቱ በታች ነው። ጋሪም ቢሆን ፈረሱ ዳገቱን ቀና ብሎ ያይና እንቢ ብሎ ይመለሳል። ከዚያ ወዲያ ያለው የእግር ነገር ነው... ክረምት ሲሆን ደግሞ የባሕር ዛፍ ሥር እየጨበጥን የእጅም ጭምር! ጎረቤቴ እትዬ አሰገደች ለሱቃቸው የላምባ ቆርቆሮ ተሸክመው ሲወጡ፣ ማቃሰታቸው ቀድሟቸው ሰፈር ይገባል።

ታዲያ አንድ ሰሞን ደስ የሚል ወሬ ተሰማ። የአውቶቡስ መሥሪያ ቤቱ አንድ ትርፍ አውቶቡስ አግኝቷል አሉ። ውጭ አገር ተምረው የመጡት ኃላፊ፣ “በዘፈቀደ አንመድብም፤ ሰፈርን ከሰፈር አወዳድረን ችግሩ ለባሰበት እንሰጣለን” ብለዋል። ተወዳዳሪያችን ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ሲግናል! ሜዳ ላይ የተቀመጠ ሰፈር ከእኛ ጋር በችግር ሊወዳደር! እኛማ በልባችን ተሳፍረን፣ መስኮት መስኮቱን ይዘን ነበር።

ጋዜጣ ላይ ስለምጽፍ ሰፈሩን የማሰልጠኑ ሥራ ለእኔ ተሰጠኝ። በዕድሜ ትልቃችንን አባባ ቱሉን ተናጋሪ አደረግናቸው።

“አባባ፣ ሰውየው ሲጠይቁዎ ምን ይላሉ?”

“ጉልበቴ አለቀ እላለሁ! ዳገቱ ፈጀን እላለሁ! ዱላዬን ወርውሬ አለቅሳለሁ!”

“ማልቀሱ ይበቃል አባባ፣ ዱላው ይቅር።”

ቀኑ ደረሰና ኃላፊው በጂፕ መጡ። እንግዳ መቼም በባዶ ሆዱ ሥራ አይጀምርም... በግ ታረደ፣ ጠላ ተቀዳ። ኃላፊው አፋቸውን ጠረግ አድርገው፣ “እሺ አባቴ፣ እንዴት ናችሁ? ኑሮስ?” አሉ።

አባባ ቱሉ ብድግ ብለው ጋቢያቸውን አስተካከሉና እጅ ነሡ።

“እግዚአብሔር ይመስገን! ምን ጎድሎብን ጌታዬ!”

ክንዳቸውን ቆነጠጥኳቸው።

“ዳገቱስ አያስቸግርም?” አሉ ኃላፊው።

“ዳገትማ ጤና ነው!”

ወየው! ኃላፊው ወደ እትዬ አሰገደች ዞሩ። ጠዋት ወገባቸውን በመቀነት ጠፍረው “ሞትኩ!” ሲሉ የነበሩት ሴት ፈገግ አሉ።

“እኛስ ለምደነዋል። እርስዎ ደክሞዎ መጡ እንጂ!”

እስቲ ፍረዱ፤ ማዕድ ላይ በተቀመጠ እንግዳ ፊት ማን ችግሩን ይዘረግፋል? ነውር ነዋ! ተስፋው ሁሉ እኔ ላይ ወደቀ። ሰፈሩ በሙሉ አፍ አፌን አየኝ።

“አንተስ፣ ጸሐፊው? የምትለው አለ?”

ጉሮሮዬን ጠረግሁ። ሌሊቱን ሙሉ ያጠናሁት ንግግር ምላሴ ጫፍ ላይ ደረሰ...

“ጌታዬ፣ ጠላ ይጨመርልዎ?” አልኩ።

በማግስቱ ኃላፊው ሲግናል ሄዱ። እዚያ ውኃ እንኳ ያቀመሳቸው የለም አሉ። ገና ከጂፑ ሳይወርዱ ሰፈርተኛው ከቦ ጮኸባቸው፤ አንዱማ በኮታቸው እጅጌ ጎትቶ ጭቃ ውስጥ አቆማቸው። አውቶቡሱ ለማን እንደተሰጠ ልንገራችሁ ወይስ ይቅር?

እውነቴን ነው፣ አንጀቴ አረረ። አባባ ቱሉን አስከትዬ አቤት ልል መሥሪያ ቤቱ ድረስ ወረድኩ። ኃላፊው ገና ሲያዩን ከወንበራቸው ተነሥተው አቀፉን።

“ያን የመሰለ መስተንግዶ! በኑሮው እንደ እናንተ የተደሰተ ሰፈር በከተማው አላየሁም። ሲግናሎች እኮ አይጠግቡም! አሁን ደግሞ ወንበሩ ይቆረቁራል ብለው ጮኹ። ምን ላድርግ፣ ሁለተኛ አውቶቡስ ልጨምርላቸው ነው።”

እንዲህ ተወድሰን ምን እንበል? አመስግነን ወጣን።

ዳገቱ መሐል ስንደርስ አባባ ቱሉ ድንጋይ ላይ ቁጭ አሉ። ትንፋሻቸው ሲመለስ ግራና ቀኝ ገልመጥ ገልመጥ አድርገው ወደ ጆሮዬ ተጠጉ።

“ልጄ፣ ሲግናል የሚከራይ ቤት ታፈላልግልኛለህ?”